ጥቁር ለብሼ እልል ያልኩ ቀን

ጅቡቲ፣ ካርቲየ 6
ጥር መጨረሻ

ለምወድህ አባቴ፣

እንደምን ሰነበትክልኝ? ወገብህስ? ያ ግራ ጉልበትህ አሁንም ያስቸግርሃል ወይስ ተወህ? እማዬ በስልክ ደህና ነው ትለኛለች፤ ግን እሷ አባትሽ አልተሻለውም ብላኝ ስለማታውቅ ካንተው መስማት እፈልጋለሁ። እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልጎደለብኝም፣ ተመስገን ነው። እዚህ ሙቀቱ ረገብ ብሎ ሰው እርስ በርሱ መነጫነጭ የተወበት ሰሞን ነው።

ደብዳቤ የጻፍኩልህ በስልክ ስላልቻልኩ ነው። የወሰኑን ነገር ባነሳሁ ቁጥር መስመሩ ይቋረጣል፤ መልሼ ስደውል ኔትወርክ ነው ትለኛለህ። የድሬዳዋ ኔትወርክ የወንድሜን ስም ሲሰማ ብቻ ነው እንዴ የሚጠፋው? ስለዚህ ደብዳቤውን ወደዚያ ለሚነዳው ለጋሽ ጀንበሬ ሰጠሁት። አንብበህ እስክትጨርስ ፊትህ ቁጭ ብሎ ሻይ እንደሚጠጣ ቃል ገብቶልኛል። ስንት ዘመን አብራችሁ የነዳችሁ ሰው ነውና አታባርረውም።

ነገሩን ታውቀዋለህ። ወሰኑ አዲስ አበባ ቲያትር እንዲማር ተቀብለውታል፤ አንተ ደግሞ ሰው ፊት ቆሞ መሳቂያ የሚሆን ልጅ አልወለድኩም ብለሃል። እሱ ያለ ምርቃትህ ከቤት አልወጣም ብሎ ተቀምጧል። ምዝገባው ሊያልፍ ነው። ሁለታችሁም ዝም ተባብላችሁ እማዬ በመሀላችሁ ወጥ ስታመላልስ ይታየኛል። ልለምንህ ነው የጻፍኩት፤ ግን ከልመናዬ በፊት እዚህ የገጠመኝን ላውራህ። ከመጣሁ ጀምሮ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ባለፈው ወር ቴዎ የሚባል የዚህ አገር ልጅ የምሠራበት የውበት ሳሎን መጣ። ጃፓን የተማረ፣ አሁን እዚህ ጦር ሰፈር ላላቸው ጃፓኖች የሚያስተረጉም ልጅ ነው። አሠሪዬን ሀጀራን፣ ሙሽራ ማልበስ የሚችል ጠንካራ እጅ ያለው ሰው ስጪኝ አላት። ሀጀራ ስለ ሙሽራ ሲነገራት መጀመሪያ ዕድሜ ነው የምትጠይቀው፤ ስንት ዓመቷ ነው አለችው። ሰባ ስድስት አላት። ሀጀራ ትንሽ አሰብ አድርጋ፣ ትዕግሥተኛ ሴት ናት ማለት ነው አለች። ቴዎ እየሳቀ፣ ሴት እንኳ አይደለችም፣ ወንድ ነው አለን።

ተዋናይ ነው፣ አባዬ። ካቡኪ የሚባል ጥንታዊ ቲያትር አላቸው። እዚያ መድረክ ላይ ሴት አትወጣም፤ ሴት ሆነው የሚጫወቱት ወንዶች ናቸው። ይህ ሰው ዕድሜውን በሙሉ ሙሽራ፣ እናት፣ ልዕልት ሲሆን የኖረ ነው። ሚስት አለው፣ ልጆች አሉት፣ የልጅ ልጆች አሉት። ቴዎ እንደነገረኝ አገሩ መንገድ ላይ ሲያዩት ትልልቅ ሰዎች ጎንበስ ብለው እጅ ይነሱታል። ስሙ ሀሩኖጆ ነው። እኔ ጋሽ ሀሩ አልኩት፤ ጋሽ ምን ማለት እንደሆነ ቴዎ ሲነግረው በጣም ደስ አለው።

ለጃፓኖቹና ለከተማው ሰው አንድ ቀን ሊጫወት ነበር የመጣው። ከዚያ በኋላ መድረክ በቃኝ ብሏል፤ የመጨረሻው ነው። ልብስ የሚያለብሰው ረዳቱ ግን ገና በመጣ በሁለተኛው ቀን ሆዱን ታሞ ተኛ። ያለ አልባሽ ደግሞ ጨዋታው የለም። ልብሱ ከባድ ነው፤ ቀበቶው ብቻ ከኔ ቁመት ይረዝማል። ዋናው ጣጣ ግን ሌላ ነው። ነጩ የሙሽራ ልብስ ከላይ፣ ቀዩ ከስር ሆኖ በክር ይያያዛል። ሙሽራዋ እየጨፈረች ሳለ ከኋላዋ ያለው ሰው ክሮቹን መዝዞ ነጩን በአንድ ጊዜ ይገፍፈዋል፣ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ሳይገልጥ ቀይ ለብሳ ትገኛለች። አንድ ክር ከተያዘ ሽማግሌው የመጨረሻ ቀኑን መድረክ ላይ ተጠላልፎ ይጨርሰዋል። ያ ክር መዛዥ እኔ ሆንኩ።

ክር የሚመዘው ሰው ከራሱ እስከ እግሩ ጥቁር ይለብሳል፤ ፊቱንም በጥቁር ጨርቅ ይሸፍናል። ጥቁር የለበሰ ሰው እዚያ የለም ማለት ነው። ተመልካቹም እንደሌለ ይቆጥረዋል፤ እሱም አይስልም፣ አያስነጥስም። ጋሽ ሀሩ ይህን ሲያስጠነቅቀኝ ቴዎ ደጋግሞ አስተረጎመልኝ። ወሬኛ መሆኔ ፊቴ ላይ ተጽፎ ይሆን?

ስንለማመድ ሰነበትን። ፊቱን አላስነካኝም፤ ፊቱ የኔ ነው፣ ቀበቶው ያንቺ አለኝ። ቅንድቡን በሰም ይደፍናል፣ ነጩን ቀለም በብሩሽ እስከ ማጅራቱ ይቀባል፣ ከዚያ ትንሽ ቀይ ከንፈሩ ላይ ያደርጋል። እኔ ስንት ሙሽራ ቀብቼ እንደዚያ ያለ እጅ አላየሁም። መስታወት ፊት ሲቀመጥ ወገቡን ይዞ የሚያቃስት ሽማግሌ ነው፤ ሲነሳ ግን ዓይኗን ከመሬት የማታነሳ ልጅ ነች የምትነሳው።

ልብሱን ስሰፋ ቴዎ በፈረንሳይኛ እያስተረጎመልን ታሪኩን አጫወተኝ። አባቱ ጦረኛ ሆኖ የሚጫወት ስመ ጥር ተዋናይ ነበር። ልጁ ገና በስድስት ዓመቱ መድረክ ወጣ፤ ሲጎረምስ ሴት መጫወት ደረሰው። የትምህርት ቤት ልጆች ከኋላው እንደሱ እየተራመዱ ይስቁበት ጀመር። ሃያ ዓመት ሲሞላው መረረውና ጥሎ ጠፋ። የጭነት መርከብ ላይ ተቀጠረ፣ ገመድ ሲጎትት እጁ ሻከረ፣ ማንም አላወቀውም፣ ማንም አልሳቀበትም። ከዚያስ ለምን ተመለስክ ስለው፣ ጨዋታው ሲያልቅ እነግርሻለሁ አለኝ።

አካሄዱን ሲያሳየኝ ግን መርፌው ከእጄ ወደቀ። ትከሻው ዝቅ፣ ጉልበቶቹ ሳይለያዩ፣ የቀሚሱ ጫፍ በሁለት ጣት ብቻ ተይዞ፣ ዓይን ወደ መሬት። አባዬ፣ ያን አካሄድ አንድ ጊዜ አይቼው ነበር። የጎረቤታችን የእስከዳር ሰርግ ላይ ሚዜ ስሆን ረጅሙ ቀሚስ እየጠለፈኝ ያለቀስኩበትን ቀን ታስታውሳለህ? አንተ ከኤንትሬው የጭነት መኪና ስር ወጣህ፤ ግራሶ የነካው ቱታህን እንደለበስክ የጠረጴዛውን ጨርቅ አንስተህ ወገብህ ላይ አሰርክና፣ እንዲህ ነው፣ አትቸኩይ፣ ቀሚሱ ይቀድማል አንቺ ትከተያለሽ አልከኝ። ከበሩ እስከ ቧንቧው ሄድክ። ግቢው በሙሉ ጸጥ አለ። ከዚያ ጉሮሮህን ጠራርገህ ተመልሰህ መኪናው ስር ገባህ። ልጅ ነበርኩና ሹፌር ሁሉ ይህን የሚችል መስሎኝ ነበር።

ይህን ለእማዬ በስልክ ስነግራት ሳቀች፣ ብዙ ሳቀች። ለምን እንደሳቀች ግን አልነግር አለችኝ።

ቀኑ ደረሰ። አዳራሹ ሞልቷል። ከፊት ጃፓኖቹና ባለሥልጣኖቹ፣ ከኋላ የኔ እንግዶች፦ ሀጀራ ከነዘመዶቿ፣ የካርቲየ 4 ሰፈር ምግብ ቤት ሴቶች፣ ጋሽ ጀንበሬ ኮቱን ለብሶ ከሹፌሮቹ ጋር። ጥቁሬን ለብሼ ከሙሽራዋ ኋላ ተንበረከክኩ። የክሮቹን ጫፍ ያዝኩ። ሙሽራዋ ባሕር የወሰደባትን እጮኛ እየጠበቀች ስትጨፍር፣ ወገቡን የሚያመው ሽማግሌ መሆኑን ክር የያዝኩት እኔ እንኳ ረሳሁት። ከበሮው ተመታ። አንዱን ክር መዘዝኩ፣ ሁለተኛውን መዘዝኩ፣ ከዚያ ነጩን በሙሉ ኃይሌ ሳብኩት። ምንም ሳይዘው እጄ ላይ ቀረ። ሙሽራዋ ቀይ ለብሳ ቀጥ ብላ ቆመች።

እኔም እልል አልኩ።

ምን ላድርግ አባዬ፣ የእጄ ሥራ ነው። ሙሽራ ለብሳ ስትወጣ ሳሎናችን ደጃፍ ላይ መጀመሪያ እልል የምለው እኔ ነኝ፤ አፌ የት እንዳለ ሳያውቅ ለቀቀው። የለችም የተባለችው ሰው፣ በጥቁር ጨርቅ ተሸፍና፣ እንደዚያ ባለ ጸጥታ ውስጥ እልልልል። ፊት የተቀመጡት ጃፓኖች ሁሉ አንገታቸው ወደኔ ዞረ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ያን ጊዜ ከኋላ ሀጀራ ተቀበለችኝ። ከዚያ የካርቲየ 4 ሴቶች፣ ከዚያ የሶማሌና የዓፋር እናቶች፣ ከዚያ አዳራሹ እንዳለ። ጋሽ ሀሩ ንቅንቅ አላለም። እንደቆመ ቆየ፣ ስንለማመድ ከቆመው በጣም አስረዝሞ ቆየ። እኔ ብቻ ከኋላ ሆኜ ማጅራቱ ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

መጋረጃው ሲዘጋ እግሩ ላይ ወደቅኩ። እሱም አጠገቤ ቁጭ ብሎ አነሳኝ፤ ነጩ ቀለም ጉንጩ ላይ በእንባ ተሰነጣጥቋል። በአገሬ ተዋናይ እንደዚያ ቀጥ ብሎ ሲቆም ከሕዝቡ መሀል ሰዓቱን የሚያውቅ ሰው የቤተሰባችንን ስም ይጮህለታል፤ ዛሬ ማንም የሚጮህልኝ የለም ብዬ ተሰናድቼ ነበር የወጣሁት አለኝ። ከዚያ ያቆየውን ነገረኝ። ያኔ የሠራበት መርከብ እዚሁ ጅቡቲ ቆሞ ነበር። ከወደቡ ወጥቶ በሰፈሩ ሲዞር ሰርግ ላይ ደረሰ። ሙሽራዋ ከቤት ስትወጣ ሴቶቹ እልል ሲሉ ሰማና ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ለኔም እኮ እንዲህ የሚጮኹልኝ ሰዎች ነበሩ፤ እኔ ግን የሚስቁብኝን ብቻ ሰምቼ ሸሸሁ ብሎ አሰበ። በዚያው መርከብ አገሩ ገብቶ የአባቱ በር ላይ ቆመ። አባቱ አልተቆጣም፣ አልመከረም። ልብሱ ተሰቅሏል፣ ግባና ልበስ ብቻ አለው። የመጨረሻውን እዚህ ካልተጫወትኩ ያለውም ለዚህ ነበር።

ስንወጣ ጋሽ ጀንበሬን ካርቲየ 4 ሻይ ጋበዝኩት። መነጽሩን አውልቆ ይጠራርጋል። እኛም ድሬዳዋ አንድ ነበረን አለኝ። ሴት ልጅ መድረክ ላይ መውጣት ነውር ነው በሚባልበት ዘመን፣ ገና ተማሪ ሳለ ሙሽራ ሆኖ ሲወጣ የከዚራ ሰፈር እናቶች ያለቅሱ ነበር፤ አንዲት ልጅማ ወንድ መሆኑን እያወቀች ቀልቧን ጣለችበት አለኝ። ከዚያስ አልኩት። ከዚያማ ሰዎች መንገድ ላይ ሙሽሪት እያሉ አሳቀቁት፣ ተወው፣ ግን ጎበዝ ሹፌር ወጣው አለኝና ሻዩን ማማሰል ጀመረ። ስኳር አይወስድም፣ ምን እንደሚያማስል እንጃ። ስሙን አልጠየቅኩትም።

አባዬ፣ ወሰኑ ላይ የሚስቁ ሰዎች አይጠፉም፣ አልዋሽህም። ግን እልል የሚሉም አሉ፤ አንዷ እኔ ነኝ። አንተ ደግሞ መድረክ የቆመ ሰው ምን እንደሚፈራ ከማንም በላይ የምታውቅለት አባቱ ነህ። ምርቃትህን አትከልክለው። ብዙ መናገር አይጠበቅብህም፤ ግባና ልበስ ማለት ይበቃል። የጠረጴዛው ጨርቅ አሁንም ካለ ደግሞ ከበሩ እስከ ቧንቧው አንድ ጊዜ ሂድለት። ከኔ ይልቅ እሱ ይጠቀምበታል።

ጋሽ ሀሩ ሲሄድ ያን ቀን የመዘዝኩትን ቀይ ክር ጠቅልሎ ሰጠኝ። ከመድረክ ለወጣ ሰው ሳይሆን ወደ መድረክ ለሚገባ ሰው ስጪው አለኝ። በዚህ ፖስታ ውስጥ ልኬልሃለሁ። ለወሰኑ ነው ብዬ ልጽፍበት ነበር፣ ተውኩት። ቆርጠህ ለሁለት ብታደርገውም ይበቃል።

ጤናህን ያብዛልህ፣ ጉልበትህን ያበርታልህ፣ እማዬን እንደሳቀች ያቆይልህ። ምርቃትህ ከእኔም ከወንድሜም ላይ አይራቅ። ለጋሽ ጀንበሬ ሻዩን ድገምለት።

ግማሹን እልልታ እዚህ ብላ ግማሹን ላንተ ያስቀመጠች
ልጅህ