ጋቢዬን የለበሰችው መኪና

ደብረ ታቦር
ጥቅምት 19 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለዝናሽ አባት፣

እንዴት ሰነበትክልኝ? ያ የአዲስ አበባ ውሃ ሆድህን ተስማማው ወይ? ከእህትህ ከዓለሚቱ ቤት ብርድ ልብስ ይበቃሃል ወይ? ከዚህ ወገን ዝናሽ ደህና ናት፣ ትምህርት ቤት ተከፍቶ ማስተማሯን ይዛለች። ላሚቱም ደህና ናት። የጓሮው ገብስ እሸት ይዟል። እኔ ግን ደህና አይደለሁም፣ ለምን እንደሆነ ስነግርህ ደግሞ አንተም ደህና አትሆንም።

ስልክ እያለ ወረቀት ምን አመጣው እንዳትል። ሦስት ቀን በተከታታይ ደወልኩልህ። ድምፅህን ስሰማ አፌ ይያዝና ስለ ጤፍና ስለ ዝናብ አውርቼ እዘጋለሁ። ዓለሚቱ ደግሞ ስልኩን ድምፁን ከፍታ ቤቱን ሁሉ ማሰማት ትወዳለች፤ ይህን ነገር ካንተ በቀር ሌላ ጆሮ እንዲሰማው አልፈልግም። መንገዱ ሰሞኑን ተከፍቷል ስላሉ አንዱአምላክ አውቶቡሱን ይዞ ሲመጣ በእጅህ ይሰጥሃል። ቁጭ ብለህ አንብበው።

አምስት ሳምንት ሙሉ ሶማሌ ተራን ከዳር እስከ ዳር የምታስስለት ዕቃ እኔ ዘንድ ነው። ለአራቱ ካንዴላ እሳት የሚያከፋፍለው ያ ጥቁር ክዳን። ሣጥኔ ውስጥ በጥሎሽ ቀሚሴ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ሌባ አልወሰደውም፣ አይጥም አልጎተተውም። እኔ ነኝ የነቀልኩት።

አሁን ተነስተህ ቆመሃል፣ አውቅሃለሁ። ተቀመጥ፣ ገና አልጨረስኩም።

ቅናት ነው። ሌላ ስም ላወጣለት ሞክሬ ነበር፣ አልሆነልኝም። ዝናሽ ጠርጥራኝ ኖሮ፣ «እማዬ፣ ሰባ ሁለት ዓመት በሞላቸው ሴትዮ ትቀኛለሽ?» ብላ ሳቀችብኝ። አዎ፣ እቀናለሁ። የምቀናው ግን ምርኩዝ ይዛ ከቤቷ በረንዳ በምትቀመጠው በወይዘሮ አዲስዓለም አይደለም። አንተ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሆነህ ባየሃት፣ ፀጉሯን በሻሽ አስራ፣ ጣራዋ በተገለጠ ቀይ ፊያት መንደርህን ገሳይን አቋርጣ ስታልፍ በነበረችው ነው። ሞተሩ ግሎ መንገድ ዳር ቆመች፣ አንተ ከምንጭ በቅል ውሃ ቀዳህላት፣ «ጎበዝ፣ አንተ ልጅ የእጅ ባለሙያ ትሆናለህ» አለችህ። ነገሩ ይኸው ነው፣ ሌላ የለውም። ይህንኑ በሰርጋችን ሳምንት ነገርከኝ። ዝናሽ ክርስትና ስትነሳ ለእንግዳው ሁሉ ነገርክ። መካኒክ የሆንኩት በእሷ ቃል ነው ትላለህ። እኔ ከተናገርኩት አንዲት ቃል እንዲህ ይዘህ የዞርክበት ቀን ትዝ ካለህ ጻፍልኝ።

ከዚያ በሰኔ፣ «አስጠሩኝ» ብለህ መጣህ። ባሏ ከአስመራ ያመጣላትን ያችን መኪና በአብዮቱ ጊዜ እንዳትወረስ ጭድ ከምረውባት፣ ሃምሳ ዓመት እዚያ ጭድ ቤት ውስጥ እንደቆመች ስትነግረኝ ዓይንህ ውሃ ሞላ። «ከመሞታቸው በፊት አንድ ቀን እስከ ገሳይ ቢሄዱባት ነው ምኞታቸው» አልከኝ። አንተ እሳቸው ትላለህ። እኔ በዚህ ወረቀት ላይ እሷ ነው የምላት፣ ቅር አይበልህ።

እስቲ ፍረድ። መኪና ሥር የሚገባ ሰው የፋሲካ ሸሚዙን ይለብሳል? በየማለዳው ጢሙን ይላጫል? የወጥ ቤቴ በር ማጠፊያው ወልቆ ሁለት ዓመት በድንጋይ ደግፌ ስዘጋው፣ አንተ የዚያችን መኪና የወንበር ቆዳ ቅባት እየቀባህ ሦስት ቀን አሸህ። ማታ እራት ሳቀርብ፣ «ዛሬስ ሻል ብሏታል» ትላለህ። «ማንን?» ስልህ ትስቃለህ። ሞተሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳል ያለ ቀን ጭራሽ እራትህን ሳትበላ ፈገግ እንዳልክ ተኛህ። ይህን ሁሉ ችዬ ነበር።

ያልቻልኩት ጋቢውን ነው። በመስከረም ምሳህን ይዤ ስመጣ አንተ ባትሪውን ልታስሞላ ወጥተህ ነበር። ጭድ ቤቱ ገባሁ። ቀይ ቀለሟ ታጥቦ ያበራል፣ ጭዱ ከሥሯ ተጠርጓል፣ እኔ ሁለት ክረምት የፈተልኩት ጋቢ ደግሞ ከላይዋ ላይ ተዘርግቷል። ሙላቴን ጠየቅሁት፣ የወይዘሮዋን ዘበኛ። «ብርድ እንዳይመታት ብሎ ነው» አለኝ። ለራስህ ልብስ ብዬ የሰጠሁህን ለእሷ አለበስክልኝ። ለክብርህ ብዬ በየዓመት በዓሉ ብቻ እያወጣሁ የማለብስህን ጋቢ።

ኮፈኑን ከፈትኩ። ያንን ክዳን ማላቀቅ ያሳየኸኝ አንተው ነህ፣ ጋራዥህ ገና አንድ ክፍል በነበረች ጊዜ መፍቻ ሳቀብልህ። ሁለቱን ማያያዣ ተጫንኩ፣ ሽቦዎቹን ነቀልኩ፣ በመሶብ ጨርቅ ሸፍኜ ወጣሁ። ምሳህን እዚያው ትቼልህ ነበር። ማታ ስትመጣ ምሳው ጣፋጭ ነበር አልከኝ፣ ቀጥለህም ክዳኑ ተሰረቀ ብለህ ፊትህን አጠቆርክ። ልነግርህ ነበር፣ እውነት ልነግርህ ነበር። አንተ ግን፣ «እሳቸው ምን ይሉኛል?» አልክ። በቃ ሣጥኔን ቆለፍኩ። በሦስተኛው ቀን አዲስ አበባ ሄድክ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ምናልባት ዝም ብዬ እኖር ነበር። ባለፈው ረቡዕ ግን ሙላቴ ብርድ ልብሱን ጠቅልሎ፣ ዱላውን ይዞ፣ በራችን ላይ ቆመ። ከሥራ አስወጥታዋለች። ጭድ ቤቱ ቁልፍ ያለው በእሱ እጅ ስለሆነ ሰረቅህ አለችው። አሥራ ሁለት ዓመት የጠበቃት ሰው። «እትዬ ፈንታነሽ፣ ጊዮርጊስ ምስክሬ ነው፣ እጄን አልሰነዘርኩም። አንቺ የመካኒኩ ሚስት ብትናገሪልኝ ይሰሙሻል ብዬ ነው» አለኝ። አንድ እንጀራ አቀረብኩለት፣ ሳይነካው መልሶ ገፋልኝ። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ወጣሁ፣ እሱን ከኋላዬ አስከትዬ።

በረንዳው ላይ ብርቱካን እየላጠች ነበር። ለጥ ብዬ እጅ ነሳሁ።

«የማን ሚስት ነሽ?» አለችኝ።

«የመካኒኩ ነኝ፣ እሜቴ።»

«የትኛው መካኒክ?»

«መኪናዎን የሚያድሰው።»

«እ፣ ያ ሰውዬ። ደህና ሰው ነው። ማን ነበር ስሙ?»

አራት ወር ሙሉ ግቢዋ ውለሃል። እጅ ነስተህ ገብተህ እጅ ነስተህ ወጥተሃል። በሰኔም ስምህን ጠርታ አላስጠራችህም፤ ሙላቴን መካኒክ ፈልግልኝ አለችው፣ እሱ አንተን አመጣ። መንገድ ላይ እሱው ነገረኝ።

እኔ ስምህን በሰው ፊት ጠርቼ አላውቅም። እናቴ አባቴን አንቱ እያለች፣ አንድ ቀን ስሙን ሳታነሳ ነው የኖረችው። እኔ ከተማ ገብቼ አንቱታውን ጣልኩት፣ ስም አለመጥራቱ ግን አብሮኝ ኖረ። ቀበሌ ስምህን ስጠየቅ እንኳ ዝናሽን ንገሪያቸው ነው የምላት። የዚያን ቀን ግን፣ «ደሞዜ ይባላል» አልኳት። «ደሞዜ። የገሳይ ልጅ ነው።» ከአፌ ሲወጣ እኔው ራሴ ደነገጥኩ፣ ፊቴ ጋለ። ሠላሳ አራት ዓመት አፌ ውስጥ የያዝኩትን ለእሷ ሰጠኋት።

ቀጥዬ፣ «ልጅ ሆኖ ገሳይ መንገድ ዳር ውሃ ቀድቶልዎት ነበር» አልኳት። ብርቱካኑን እየላጠች አሰበች። «ልጄ፣ በየመንገዱ ስንቱ ውሃ ቀድቶልኛል። ሞተሯ ሁልጊዜ ይግል ነበር። እኔም አልወዳትም ነበር፣ ስታንገጫግጨኝ ወገቤን ነው የሚያመኝ» አለች። እስከ ገሳይ መሄዱን ጠየቅኋት፤ ሳቀች። ለካ ጭድ ቤቱን ለእህል መጋዘን ልታከራየው ነው፣ መኪናይቱ በራሷ ጎማ እንድትወጣላት ብቻ ነው የፈለገችው።

አልዋሽህም፣ ደስ አለኝ። ሠላሳ አራት ዓመት የቆየብኝ ነገር ከትከሻዬ ወርዶ ልቤ ቅልል አለ። ደስታው ግን ብርቱካኑ ተልጦ እስኪያልቅ እንኳ አልቆየም። ያንተ ነጭ ሸሚዝ ትዝ አለኝ፣ ጢምህን እየተላጨህ መስታወት ፊት ያፏጨኸው ትዝ አለኝ፣ ተናደድኩ። እኔ ልናደድብህ እችላለሁ፣ ሚስትህ ነኝ። እሷ ግን በምን መብቷ ነው የምትረሳህ?

ክዳኑን እኔ እንደነቀልኩት እዚያው ነገርኳት። በቅናት ነው አልኳት፣ ሙላቴም ይስማኝ ብዬ ጮክ አድርጌ። መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት በምርኩዟ ተደግፋ እስክታስል ሳቀች፣ ቀጥላም ሙላቴን ይቅር በለኝ ብላ ቁልፉን መለሰችለት። እኔም እግሩ ላይ ወደቅሁ፣ አነሳኝ። እኔን እንደ እሷ ቶሎ ይቅር አላለኝም፣ እውነቱንም ነው።

ልወጣ ስል፣ «እንግዲህ መኪናይቱ ከተነሳች በኋላ ማን ነው የሚወስዳት?» ብዬ ጠየቅሁ። «እንጃ፣ የፈለገ ይውሰዳት» አለች። «እንግዲያው ደሞዜ ይወስዳታል» አልኩ። ሁለተኛ ጊዜ ነው እንግዲህ። እሷም ይውሰዳት ብላ ሊብሬውን ከመሳቢያ አስወጥታ ሰጠችኝ፣ ሙላቴ ምስክር ነው። ግማሽ መንገድ እንደመጣሁ ነው ያደረግሁት የገባኝ። ጣውንቴን በገዛ አፌ ጠይቄ ወደ ግቢዬ ላስገባት ነው።

ይህን ስለ ገሳይ የነገረችኝን ልጻፈው ልተወው ብዬ ሁለት ወረቀት ቀድጃለሁ። አስታወሰችህ ብዬ ብጽፍልህ ደስ ይልህ ነበር። ግን አንተ ደስ ሲልህ እኔ እንደገና ልቀና ነው፣ አቅሙም የለኝም። ደግሞ እንድታውቀው ፈለግሁ። ቅር ይበልህ፣ ተቆጣኝም። ውሃውን መቅዳትህ ግን እውነት ነው፣ እሷ ብትረሳውም አንተ ቀድተሃል። እጅህም እውነት ነው፤ ሃምሳ ዓመት የተኛ ሞተር የቀሰቀሰውን እጅ የእሷ ቃል አልሠራውም። ይህን ቀደም ብዬ ልነግርህ ይገባ ነበር። ቀናሁና ሳልነግርህ ቀረሁ።

ክዳኑን በአንዱአምላክ እጅ ልልክልህ ጠቅልዬ ጨርሼ ነበር። መልሼ ፈታሁት። ይህን አንብበህ ተቆጥተህ፣ እዚያው ዓለሚቱ ቤት ልቆይ ብትል ብዬ ፈራሁ። ክዳኑ እዚህ ካለ ግን ትመጣለህ። ለእኔ ባይሆን ለእሷ ስትል ትመጣለህ። እንዲህ ብሎ መጻፍ ያሳፍራል፣ ግን እውነቴ ይኸው ነው።

ስለዚህ ና። ለመኪናዋ ብለህም ከሆነ ና። ክዳኑን ከእጄ ትወስዳለህ፣ ትገጥመዋለህ፣ መኪናዋ ስትነሳ ደግሞ ከጎንህ ያለችው ወንበር የእኔ ናት፤ ወገቤን ቢያመኝም አልወርድም። ጋቢውን ዛሬ ጠዋት ሄጄ ገፍፌያታለሁ፣ አጥቤ አስጥቼዋለሁ። ብርድ ይምታት። በር ላይ ቆሜም ለማን ብለህ መጣህ ብዬ አልጠይቅህም።

የመንገዱን ነገር ገብርኤል ይያዝልህ፣ ክፉ አያሳይህ፣ በሰላም ወደ ቤትህ ይመልስህ። ዓለሚቱን ሰላም በልልኝ፣ ይህን ወረቀት ግን እንዳታሳያት።

ሚስትህ፣
ፈንታነሽ

አልጠይቅህም ያልኩት ውሸቴን ነው። እጠይቅሃለሁ።