ዳማ አንገቷን ስትደፋ

ማክሰኞ፣ ጥር 18 ቀን 1957

ስማ! ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ! የቤታችን አውራ ዶሮ ከዛሬ ንጋት ጀምሮ ድምፁ ተዘግቷል። ሕዝቡ በየራሱ ይንቃ። ቅዳሴ ያመለጠው ሰው እኔን እንዳይወቅስ።

አዋጁን ለውዴ አነበብሁላት። ውዴ የሟቹ ልጄ ሚስት ናት። «አባባ፣ የዶሮውን ትተው የኮርቻውን ጠፍር ይጠግኑ፤ ሠርግ ነው እኮ» አለችኝ። እውነቷን ነው። እሑድ፣ ለጊዮርጊስ፣ ልጇ ትርንጎ ትዳራለች። ባልየው የዳንግላ ልብስ ሰፊ ነው። ሽማግሌ ሲላክ «እሺ» ያልሁት እኔ ነኝ፤ ልጄ ካለፈ ወዲህ ለትርንጎ አባትም አያትም እኔ ነኝና። እሷን ግን አልጠየቅኋትም። አይጠየቅማ። ሃያ ዓመት ቢሞላትም፣ ሴት ልጅን ፊት ለፊት «ወደድሽው?» የሚል አያት በእኛ አገር አላየሁም።

ኮርቻውን ይዤ ከወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ሥር ተቀመጥሁ። ትርንጎ የሠርጉን እህል ትፈጫለች፤ ታንጎራጉራለች። ቃሉ አይሰማኝም፣ ድንጋዩ ይበላዋል። ዜማው ግን ይሰማል። ዘገምተኛ ነው፤ መጨረሻው ወደ ታች ይወድቃል።

ወስፌው ከእጄ ወደቀ። ይህ የሙሾ ዜማ ነው።

ረቡዕ፣ ጥር 19

እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጧት ውዴን ጠየቅኋት።

«ልጅቱ ምን ሆናለች?»

«ምን ትሁን? ትፈጫለች።»

«በምን ዜማ?»

«ዱቄቱ በዜማ ነው እንዴ የሚልመው?»

ውዴ አይገባትም። ዜማ ሁሉ የየራሱ ሥራ አለው። የሠርግ ዘፈን እጅ ያስጨበጭባል። ፉከራ ፈሪውን ሳይቀር ከመቀመጫው ያስነሣል፤ እኔን ስንት ጊዜ አስነሥቶ መልሶ አስቀምጦኛል። ሙሾ አንገት ያስደፋል። የወፍጮ እንጉርጉሮ ደግሞ ብቻውን ነው። ሴት ልጅ ለአባቷ የማትነግረውን ለመጇ ትነግራለች። የሰማ አይቆጣም፤ አይጠይቅም። መመለስ ካለበትም በዜማ ነው።

ጆሮዬ አርጅቷል፤ ሊሳሳት ይችላል። ስለዚህ የተሻለ ዳኛ አመጣሁ፤ ባዝራዬን ዳማን። ዳማ በአገው ፈረስ ሥርዓት ያደገች ናት። የጊዮርጊስ የግልቢያ ዘፈን ስትሰማ ትረግዳለች። ለቅሶ ላይ የሟች ፈረስ ተሸልሞ በሕዝቡ መሀል ሲሳብ አብራ ሄዳ ታውቃለች፤ ሙሾ ስትሰማ አንገቷን ትደፋለች። ቃል አታውቅም። ዜማ ግን አያታልላትም።

ከግድግዳው ሥር አቆምኋት። ትርንጎ ጀመረች። ዳማ ጆሮዋን አዞረች። ቆየች። ከዚያ አንገቷን እስከ ጉልበቷ ደፋች።

እግዚኦ! ልጄን በቁሟ እየቀበርኋት ነው።

ሐሙስ፣ ጥር 20

በጧት ዳማን ጭኜ ቆሰበር ከተማ ሄድሁ። ሐሳቤ ሽማግሌዎቹን አግኝቼ «ሠርጉ ይቆይ» ልል ነው። ቃል ማፍረስ ነው፤ አውቃለሁ። ፈረሰኛው ተጠርቷል፣ ጠላው ተጠምቋል። ድፍረት ፍለጋ መጀመሪያ እትዬ ዘርፌ ጠጅ ቤት ጎራ አልሁ። ድፍረት የሚሸጠው እዚያ ብቻ ነው።

ዘርፌ ራዲዮን ገዝታለች። ራዲዮኑ ምን ይዘፍናል? ያንኑ! የትርንጎን ዜማ! ጎረምሶቹ ዓይናቸውን ጨፍነው ይወዛወዛሉ። በበሩ አሻግሬ ባይ ዳማ ከታሰረችበት አንገቷን ደፍታለች።

«ዘርፌ፣ ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተ አያ ታረቀኝ። የፍቅር ዘፈን ነው።»

«ፍቅር ከሆነ ለምን ያለቅሳል?»

«የዘንድሮ ፍቅር እንዲህ ነው። ደስ ሲላቸው ያዝናሉ። የእርስዎ ትርንጎም ገበያ ስትወጣ እዚህ ደጃፍ ቆማ ትሰማዋለች። አንድ ረጅም ጎልማሳ አብሯት ይቆማል።»

«የማን ልጅ?»

«እኔ ምን አውቄ! የሰው ልጅ» ብላ ብርሌ ልትሞላ ሄደች።

ይሄ ባሰ። ሙሾ ቢሆን ጥፋተኛው እኔ ነኝ፤ አለቀ። ፍቅር ከሆነ ግን ከማን ጋር? ልብስ ሰፊው ረጅም ይሁን አጭር በምን ልወቅ! ያየሁት አንድ ጊዜ ነው፤ ያውም ከስፌት መኪናው ፊት ተቀምጦ።

ሽማግሌዎቹ ዘንድ ሳልደርስ ተመለስሁ። ነገ አስተርእዮ ማርያም ነው፤ አይፈጭም። ቅዳሜም ሰንበት ነው። ከተጠየቀ ዛሬ ነው። ስደርስ የመጨረሻው ቁና ወፍጮው ላይ ነበር። ግራ ቀኙን አየሁ፤ ጉሮሮዬን ጠረግሁና ከግድግዳው ማዶ ሆኜ አንጎራጎርሁ፦

ስሚኝ አንቺ ወፍጮ ሰው ሳይመጣብሽ፣
እንባ ነው ወይስ ላብ የሚወርድብሽ?

ድንጋዩ ቆመ። ትንሽ ቆይታ ትርንጎ ቅንድቧ ዱቄት ለብሶ ብቅ አለች።

«አባባ፣ ዶሮው ድምፁ ተመለሰለት እንዴ?» አለችና ቁናዋን አቅፋ ገባች።

ሳቀች? አልሳቀችም? ዱቄቱ ከለለብኝ።

ዓርብ፣ ጥር 21

ማርያም። ወፍጮው ዝም፣ እኔም ዝም። ቅዳሴ ቆሜ ልቤ ዳንግላ ነበር።

ለሽማግሌዎቹ ምን ልበል? ታምሜያለሁ ብል ሊጠይቁኝ ይመጡና የሠርጉን ጠላ ጠጥተውብኝ ይሄዳሉ። ዳማ አነከሰች ብል ሌላ ፈረስ ያመጣሉ። እውነቱን ብልስ? «ባዝራዬ አንገቷን ስለደፋች ሠርጉ ይቅር» ልል ነው። እኔን ራሴን ጠበል ይወስዱኛል።

ትርንጎ ቀኑን ሙሉ ቀና ብላ አላየችኝም። ምሳ አልበላሁም። ውዴ የተበላሸ መስሏት ወጡን አሸተተችው።

ቅዳሜ፣ ጥር 22

ከሰዓት በኋላ ትርንጎ ለነገ ዳማን ትሸልማለች። እኔ ከአጥሩ ጀርባ ነኝ፤ እንጨት የምለቅም መስዬ። ቀይ ክር ከጋማዋ እያሰረች ዘፈነች። እንጉርጉሮ አይደለም። የጊዮርጊስ የግልቢያ ዘፈን ነው፤ በአገውኛ፣ ድምፅዋን ለቅቃ፣ ፊቷን ወደ አጥሩ አዙራ። ወደ አማርኛ ስመልሰው፦

ዳንግላማ ቅርብ ነው ለወደደ ሰው፣
እኔስ የሚከብደኝ አባባን መተው።

ዳማ አንገቷን አነሣች። ረገደች። እኔም አጥሩን ይዤ ጥቂት ረገድሁ። ውዴ አይታኛለች። ማታ ሁለት ጊዜ ወጥ ጨመረችልኝ፣ እኔም ሁለቱንም ጊዜ ጨረስሁት።

እሑድ፣ ጥር 23

ፈረሰኞቹ ከዳንግላ ገቡ። ሙሽራው ከፈረሱ ሲወርድ ወርዶ አያልቅም፤ ባሕር ዛፍ ነው። እትዬ ዘርፌ ከጎኔ ቆማ በክርኗ ጎሰመችኝ። «ይኸው እኮ! ራዲዮን ሰሚው!» ለካ በገበያ ቀን ቆሰበር እየመጣ ይሰፋ ኖሯል። ሁሉም ያውቃል፤ ያላወቅነው እኔና ዳማ ነን።

ትርንጎ ጉልበቴን ስማ ዳማ ላይ ወጣች። ሳቀች፣ አለቀሰች፣ ደግሞ ሳቀች። የዘንድሮ ፍቅር እንዲህ ነው።

አሁን ግቢው ጭር ብሏል። ወፍጮ ቤቱን ከፍቼ ያንን የራዲዮን ዜማ ብቻዬን ሞከርሁት። አንገት ያስደፋል፤ ግን ደስ ይላል።

ደግሞ እውነቱን ልጻፍ። ቅዳሜ ትርንጎ የዘፈነችው «ዳንግላማ ቅርብ ነው ለወደደ ሰው» የሚለውን ብቻ ነው፤ እሱኑ ደጋገመችው። ሁለተኛውን ስንኝ የጨመርሁት እኔ ነኝ።

ቤት እንዲመታ ብዬ ነው።