የኤሌኒ ወንጌል

ሰኞ
ኒኮ ሥራ ሰጠኝ። በእናቱ የብራና ወንጌል ላይ ቅጠል በቅጠል ቁጥር እንድጽፍ። «ጋሼ፣ ለኢንሹራንስ ነው። ከእርስዎ የበለጠ ጥንቁቅ ሰው አላውቅም» አለኝ። ደስ አለኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሥራ የሰጠኝ ሰው የለም።

እናቱ ኤሌኒ ድሬዳዋ የተወለደች ግሪክ ናት። አዲስ አበባ በግሪኮች ትምህርት ቤት አብረን አስተምረናል፤ ግሪክኛ ማንበብ ያስተማረችኝ እሷ ናት። አሁን ዓይኗ ጠፍቷል። እዚህ ለንደን፣ ዌምብሊ ቤቷ እየሄድኩ ወንጌሉን አነብላታለሁ። ሉቃስ ላይ ደርሰናል። መጽሐፉ በመካከለኛው ዘመን አንድ መነኩሴ በግሪክኛ በእጁ የጻፈው ነው፤ ከአያቷ ወርሳዋለች። የቆዳ ልባሱን ትሳለማለች እንጂ ገጹን አትነካም፤ «የእጄ ላብ ያበላሸዋል» ትላለች።

ማክሰኞ
ጨረስኩ። ለስላሳ እርሳስ፣ ትንሽ ቁጥር፣ ከታች በቀኝ ጥግ። ቦታቸውን ስተው የተሰፉ ቅጠሎችም አገኘሁ፤ ትክክለኛ ተራ ቁጥራቸውን ጻፍኩ። እንደገና ቼክ አደረግሁ። ኤሌኒ «ፈተና እንደምታርም ነው የምትተነፍሰው» ብላ ሳቀችብኝ።
ኒኮ ፎቶ ላነሳው ነው ብሎ ወሰደው።

ሐሙስ
መጽሐፉ ተመለሰ። ኤሌኒ ተሳልማ ሰጠችኝ። ገለጥኩት። በድሮው የቆዳ ልባስ ውስጥ የቧንቧ ዕቃ ካታሎግ ገብቷል። ኒኮ ከኋላዋ ቆሞ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ።
«አንብብ እንጂ» አለች።
የማስታውሰውን በቃሌ አልኩላት። ስዘል አረመችኝ።

ዓርብ
ፓርክ ሮያል ወዳለው የኒኮ የምግብ ዕቃ መጋዘን ሄድኩ። አልካደም። ቅጠሎቹን ለየብቻ እየሸጣቸው ነው። ስልኩን አሳየኝ፤ ጨረታ ላይ የወጣ አንድ ቅጠል፣ በቀኝ ጥግ የእኔ ቁጥር። «ገዢዎቹ ቁጥርዎን ወደውታል፤ ስንተኛው ቅጠል እንደሆነ ያሳያቸዋል» አለ።
ለእናትህ እነግራታለሁ አልኩት።
«ይንገሯት። ልቧ ደካማ እንደሆነ ያውቃሉ። እኔ መጽሐፍ ሸጥኩ፤ እርስዎ ሰው ይገድላሉ።»
ስወጣ አንድ ጣሳ የወይራ ፍሬ ሰጠኝ። ለምን እንደተቀበልኩት አላውቅም።

እሑድ
ኤሌኒ ሁለታችንንም ጠራች። ስትሞት ወንጌሉ ደረቷ ላይ ሆኖ አብሯት እንዲቀበር ትፈልጋለች። እጃችሁን መጽሐፉ ላይ ጭናችሁ ማሉልኝ አለች። ኒኮ ወዲያው ማለ።
እኔም እጄን ጫንኩ። ከልባሱ ሥር ምን እንዳለ አውቃለሁ። ማልኩ። መዳፏን እጄ ላይ አሳረፈች።
«ለምን ትንቀጠቀጣለህ?»
እርጅና ነው አልኳት።
«የኒኮ እጅ አልተንቀጠቀጠም» አለች። «አየህ፣ አንተ ሁልጊዜ ልጄን ትጠራጠረዋለህ፤ እሱ ግን ከልቡ ነው የማለው።»
ኒኮ ግንባሯን ሳማት።
ነገ ከየት እንደምንቀጥል ጠየቀችኝ። ካቆምንበት አልኳት። እቤት ስደርስ የታተመ የግሪክኛ ወንጌል አውጥቼ ቀጣዩን ምዕራፍ በቃሌ መያዝ ጀመርኩ።