‹ጀምረህ አታቋርጥ› ይል ለነበረው ባለቤቴ

ሽፌ፣

ለጤናህ እንደምን አለህ ብዬ አልጀምርም፤ ጤና የሚባለውን ነገር አንተ ይዘኸው ሄደሃል፣ የእኔንም ጭምር። ከተለየኸኝ ሰባት ወር ሆነ። ሰባት ወር ሙሉ ለጠየቀኝ ሰው ሁሉ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ስል ከርሜያለሁ። ለአንተ ግን አልዋሽም። ተናድጄብሃለሁ። አብረን በኖርንበት ዘመን ብዙ ጊዜ አናደኸኛል፣ እንደ አሁኑ ግን ሆኖብኝ አያውቅም።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ቦሌ ሚካኤል እንደተውካት ናት። ፊት ለፊታችን ያለው ብረት ቤት ሥራ በዝቶለት ቀኑን ሙሉ ሲበይድ ይውላል፣ ጆሮዬን አደንቁሮታል። ቱታዎችህን ለሰፈሩ ጥበቃ ሰጠሁት፤ አሁን ሰማያዊውን ለብሶ ከጀርባው ባየሁት ቁጥር እደነግጣለሁ፣ ምነው ባልሰጠሁት እላለሁ። ልጅህ ማርታ ሠርጓን ከሙት ዓመትህ በኋላ ይሁን ብላ ገፋችው። ስልክህ ዛሬም ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ለልምምድ ይቀሰቅሰኛል። ማጥፋቱን አላውቅበትም እያልኩ ለማርታ አማርራለሁ፤ ቻርጅ የማደርገው ግን እኔው ነኝ።

አሁን ወደ ንዴቴ ልምጣ። ሳምሶን ደወለልኝ። ያ አሠልጥነኸው ውጭ አገር እየሮጠ ስም ያገኘው ሯጭህ። ሩጫውን ትቶ አሁን የመሥሪያ ቤት አለቆችን ስለ አመራር ያሠለጥናል። ወሎ ሰፈር አንድ ሆቴል ውስጥ አዳራሽ ተከራይቶ ‹ከአሠልጣኜ የተማርኩት መሪነት› የሚል ሥልጠና አዘጋጅቷል፤ እትዬ ሙሉ የክብር እንግዳዬ ነሽ ብሎ መኪና ላከልኝ። ጥቁሬን እንደለበስኩ ሄድኩ።

ገብቼ ቀና ስል ፊትህ ግድግዳውን ሞልቶታል። ከሥሩ በትልቁ ‹ጀምረህ አታቋርጥ› ተብሎ ተጽፏል። ቲሸርቱም ላይ፣ ቦርሳውም ላይ፣ የውሃ መያዣው ላይ ሳይቀር እሱው ነው። እዚያው ደሜ ፈላ፤ ግን ሰው ቤት ነኝ ብዬ ቦታዬን ያዝኩ።

ሲጀምርስ ደህና ነበር። አሠልጣኜ ሰዓት ያከብር ነበር አለ። እውነት ነው፣ ለገዛ ሠርጋችን አምስት ደቂቃ ዘገየሽ ብለህ ቬሎ እንደለበስኩ ያኮረፍከኝ ሰው ነህ። አሠልጣኜ አንደኛ የወጣውን ትቶ መጨረሻ የገባውን ነበር ቀድሞ የሚጨብጠው አለ። እሱም እውነት ነው፤ እንባዬ መጣ። የባንክ ሥራ አስኪያጆቹና አስመጪዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ይጽፋሉ። ባሌ ለካ እንዲህ ያለ ሰው ነበር ብዬ ኮራሁ።

ከዚያ የብርቄን ታሪክ ጀመረ። ስሟን አልጠራም፤ ‹አንዲት ሯጭ› ነው ያላት። በብሔራዊ ቡድን ማጣሪያው ቀን፣ በአሥር ሺህ ሜትር፣ ስድስት ዙር ሲቀራት እጇን አንሥታ ልታቋርጥ ወደ ዳር ወጣች። አሠልጣኙ ከአጥሩ ሥር ‹ጀምረሽ አታቋርጪ› ብሎ ጮኸባት። ተመልሳ ገባች። ጨረሰች። ሳምሶን እዚህ ላይ አዳራሹን አየ፤ ሰዉ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። እኔ አላጨበጨብኩም።

እኔና አንተ ከመጨረሻው መስመር ወዲያ ያለውን እናውቃለንና። ተረከዟን እያመማት መሆኑን ከሳምንት በፊት ነግራህ ነበር። አንድ ልጅ ከእኔ ቡድን መመረጥ አለባት ብለህ ስለነበር አልሰማሃትም። አንተን እንደ አባቷ ነበር የምታይህ፤ እንኳን ስትጮህባት በዓይንህ ስታያትም ትታዘዝህ ነበር። መስመሩን አልፋ ወደቀች፣ የተረከዟ ጅማት ተበጥሶ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሮጣ አታውቅም።

አንተም ከዚያ ቀን ጀምሮ ያንን ቃል ተናግረህ አታውቅም። ያነከሰ ልጅ ስታይ አጥሩን ዘለህ ገብተህ ክንዱን ይዘህ ታወጣው ጀመር። ሌሎቹ አሠልጣኞች ሽፈራው ለሰለሰ ብለው አሙህ፤ አንተም ይበሉ ብለህ ተውካቸው። ከአንተ መማር ካለባቸው እሱን ነበር መማር የነበረባቸው። ሳምሶን ግን በዚያው ሳምንት ውጭ ሄዷል፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን ሽፈራውን አያውቀውም። የጣልከውን ነገር አንሥቶ በስምህ ይሸጠዋል።

ይባስ ብሎ ማይክ ሰጡኝ። ያቺ ልጅ ብርቄ ትባላለች፣ እስከ ዛሬ ታነክሳለች ማለት ነበረብኝ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብዬ ተቀመጥኩ። በመስታወት የተሰጠኝን ምስክር ወረቀት ቤት አምጥቼ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬ አስቀመጥኩት።

ሲነጋ ለሳምሶን ደወልኩ። ታሪኩን ግማሽ ላይ ቆርጠኸዋል አልኩት። እየተቅለሰለሰ፣ እትዬ ሙሉ ታሪኩ ግን ሰው ያነሣሣል፣ ደግሞስ ጨርሳለች አይደል አለኝ። ከዚያ ትንሽ አሰብ አድርጎ፣ ስልኳን ከሰጠሽኝ መድረክ ላይ አወጣታለሁ አለ። አልሰጥህም፣ አራብሳ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ናት፣ ወጥተህ ራስህ ጠይቃት ብዬ ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

ከዘጋሁት በኋላ ነው ያፈርኩት። እኔስ መቼ ወጣሁና? አልጋ ላይ ሆነህ፣ ድምፅህ እየጠፋ፣ ብርቄን ይቅርታ ጠይቂልኝ ያልከው ለእኔ ነበር። ብሎኩን፣ ፎቁን፣ መስኮቷ ወደ መንገድ እንደሚያይ ሁሉ በቃልህ ነገርከኝ። ከየት አወቅከው ብዬ እንኳ አልጠየቅኩህም፤ በጣም ተናድጄ ነበር። ስንት ዓመት አፍ ነበረህ። ለሃምሳ ሯጭ የሚጮህ አፍ ነበረህ። አንዲት ቃል ራስህ ማለት አቅቶህ የሞትክ ዕለት እኔን አሸክመኸኝ ትሄዳለህ? ለቅሶህ ላይ ድንኳኑ ጥግ ተቀምጣ ሳያት እንኳ አልተጠጋኋትም። ሰባት ወር እንዲሁ አለፈ።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ታክሲ ይዤ አራብሳ ሄድኩ። ጉልበቴን ታውቀዋለህ። በየፎቁ እያረፍኩ፣ ባረፍኩ ቁጥር አንተን እየረገምኩ ወጣሁ። ብርቄ በሩን ስትከፍት ከኋላዋ የልብስ ስፌት መኪናና የተከመረ የተማሪ ዩኒፎርም ይታየኛል። ቁጭ በይ ብትለኝ እንቢ አልኩ። ሽፈራው ይቅርታ ጠይቂልኝ ብሎኝ ነበር፣ እኔም ይኸው አዘግይቼዋለሁ፣ ሁለታችንንም ይቅር በይን አልኳት።

ወዲያው ይቅር ብያለሁ አላለችም፤ እኔም አልጠበቅኩም። ከዚያ ወደ መስኮቱ ወሰደችኝና ታች ያለውን የውሃ ሮቶ አሳየችኝ። ጋሼ እዚያ ጋ ነበር የሚቆሙት አለችኝ። እሁድ ከሰዓት ሙዝ በፌስታል ይዘው ይመጣሉ፣ ወደ ላይ ያያሉ፣ ትንሽ ቆይተው ሙዙን እንደያዙ ይመለሳሉ። ብወርድ የሚሸሹ መስሎኝ አልወረድኩም፤ ይወጣሉ ብዬ ሻይ እጥድ ነበር። ያየኋቸው ቀን ሁሉ ጥጃለሁ አለችኝ።

አዲስ ሜዳ አግኝቻለሁ፣ ልየው እያልክ በዓመት ሦስት አራት ጊዜ አራብሳ የምትሄደው ለካ ለዚህ ነው። ሙዙንም ቤት አምጥተህ አብልተኸናል። እኔ ደግሞ እሁድን እንኳ ከቤተሰብህ ጋር አትውልም እያልኩ ስጨቀጭቅህ ኖርኩ። ምነው ብትነግረኝ? እጅህን ይዤ አብሬህ እወጣ ነበር እኮ። ሰውን ሁሉ አታቋርጥ ስትል ኖረህ አንተ አራት ፎቅ ደረጃ ሥር ታቋርጣለህ? ከሁሉ በላይ የተናደድኩብህ በዚህ ነው፤ ከሁሉ በላይ ያሳዘንከኝም በዚህ ነው።

እንደማልረሳህ አትጠራጠር። ግን ሳምሶን ግድግዳ ላይ እንደሰቀለህ አድርጌ አላስታውስህም። ለሙት ዓመትህ ያሠለጠንካቸው ሁሉ ግቢያችን ሲሰበሰቡ የጮህክባትንም፣ ክንዳቸውን ይዘህ ያወጣሃቸውንም፣ ሮቶው ሥር የቆምከውንም እነግራቸዋለሁ። ሳምሶንም እንዲሰማ ጠርቼዋለሁ። ብርቄን ስጠይቃት፣ እስከ መጨረሻው የምትናገሪው ከሆነ እኔም እመጣለሁ ብላኛለች።

ያን ዕለትም ሻይ ጣደች። ቀድታልኝ ሳትጠይቀኝ ሦስት ማንኪያ ስኳር ጨመረችበት፤ የአንተ ልክ ነው፣ ከልምምድ ሜዳ ጀምሮ ታውቀዋለች። እኔ ሻይ በስኳር እንደማልጠጣ ታውቃለህ። እስከ መጨረሻው ጠጣሁልህ።

ሙሉ