ዋርካው ሥር የሚቀር ሕመም

ጥር ፲፬ ቀን፣ ማለዳ። ቡሬ።

በሬዎቹን ውኃ አጠጥቼ ስመለስ ዳገቱ ላይ ያዘኝ። ዛሬም። ደረቴ መሐል፣ እንደ ጭነት ጠፍር ያጠብቃል፤ ወደ ግራ ክንዴ ይወርዳል፣ መንጋጋዬ ድረስ ይወጣል። ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። ተወኝ። ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ ስቀመጥ ይሸሻል፣ ሌባ! ባለቤቴ የሺ ምን ሆኑ ብትለኝ ምንም አልኋት።

ላንተ ግን አልዋሽም፣ ደብተሬ። ፈርቻለሁ። ጭቃ ሹሙ ጣልያን ለሚያሠራው መንገድ ድንጋይ ከሚሸከሙት ጋራ ቆጥሮኛል። በአስተርዮ ማርያም ማግሥት ይጀመራል። በዚህ ደረት ድንጋይ ተሸክሜ ቤቴ አልመለስም። የሚያስቀረኝ የሐኪሙ ቃል ብቻ ነው።

ጥር ፲፭፣ ከቀትር በኋላ።

ጣልያኑ ሐኪም ዘንድ ሄጄ መጣሁ። እንደ በፊቱ ባዶ እጄን። ሐኪም ቤቱ ጉብታው ላይ ነው፤ መንገድ ላይ ደረቴ ያዘኝ። በሩ አጠገብ ካለው ዋርካ ሥር እንደ ወትሮው ተቀመጥሁ። እስኪተወኝ ጠበቅሁ፣ ላቤን ጠረግሁ፣ ኩታዬን አስተካከልሁ፣ ቀጥ ብዬ ገባሁ።

ሰውየው በወጉ እንኳ አላየኝም። ማዳመጫው አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ደረቴ ላይ ቢያሳርፈው ምን ይጎድልበታል? ደብረ ማርቆስ የሰው ደረት ውስጡን የሚያሳይ መኪና አለ ይባላል። ወደዚያ ይላከኝ ብዬ አስጠየቅሁ። እምቢ። ጤነኛ ነህ፣ ሥራ የጠላ ሁሉ ደረቴን ይላል፣ አለ። እንደ አስተርጓሚው አባባል ነው እንግዲህ።

ይኸ አስተርጓሚ፣ መብራቱ። እኔ ብዙ ተናገርሁ፣ እሱ በሁለት ቃል ጨረሰው። ምን ብሎት ይሆን? የወንድሜ ልጅ ዱር መግባቱን ያውቃል። ያርበኛ ዘመድ ነው ብሎት ከሆነስ? ወይስ ሐኪሙ በሽታዬን አውቆ፣ ድንጋዩ ይጨርሰው ብሎ ነው? ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ጥር ፲፯፣ ማታ።

ጠላዬ ይመራል። የሺ ጓዳ ውስጥ የሆነ ነገር ስትበጠብጥ አየኋት። ስታየኝ ዋንጫውን በነጠላዋ ሸፈነች።

አብራኝ ያረጀችን ሴት ልጠረጥር! አፈርሁ። ግን ጠላውን ደጅ ወጥቼ ደፋሁት።

ጥር ፲፱። ከገበያ መልስ።

መብራቱን ጨው ተራ አገኘሁት። እጁን ያዝሁ። ምን ብለህ ነው ያስተረጎምህልኝ አልሁ። ማተቡን ጨብጦ በሚካኤል ማለ፤ አንድ አላስቀረሁም አለ። ሐኪሙ የመለሰለትንም ነገረኝ፦ ልቡ የታመመ ሰው ያን ዳገት ወጥቶ እንዲህ ሳያለከልክ፣ እንዲህ ሳያልበው አይቆምም።

የተማረ አፍ ነው፣ ምን አይፈጥርም ብዬ ጥዬው ሄድሁ። መንገድ ላይ ደረቴ ያዘኝ። ሰው እንዳያየኝ አጥር ጥግ ገብቼ ቆምሁ።

ጥር ፳፣ ጧት።

የሺን ፊት ለፊት ጠየቅኋት፤ ጠላው ውስጥ ምንድነው? አለቀሰች። ፌጦ ነው። ለደረትዎ ነው፣ መድኃኒት ነው ብልዎ ታምሜአለሁ እንዴ ብለው ይቆጡኛል ብዬ ደበቅሁ አለች። ቆሻሻ ልብ አለኝ፣ ደብተሬ። ይቅር በይኝ አልኋት። ለምን እንደሆነ አልነገርኋትም።

ከአፌ አምልጦኝ ሐኪሙ ያለውን ነገርኋት። እንባዋን ጠርጋ ተነሣችብኝ፦

«እውነቱን ነው! ተከትየዎት ሄጄ አይቻለሁኮ። ሕመምዎን ዋርካው ሥር አራግፈው፣ እንደ ሙሽራ ተጎማለው ይገባሉ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰሙም?»

አባቴ በጠላት ፊት አታቃስት ብሎ ነው ያሳደገኝ። እኔም አላቃሰትሁም። ይኸው ጤነኛ ተባልሁ።

ጥር ፳፣ ማታ ከራት በፊት።

ቀኑን ሙሉ ከራሴ ጋራ ተሟገትሁ። ሳላርፍ ብወጣው እዚያው ዳገቱ ላይ ብቀርስ? ሐኪሙ አይቶኝም ቢስቅብኝስ? አሁንም አላምነውም። መብራቱንም ቢሆን ግማሹን ነው የማምነው። ግን ከነገ ወዲያ ድንጋዩ አለ።

ነገ ከቅዳሴ መልስ እሄዳለሁ። የሺ ከኋላዬ ትከተላለች፤ ብወድቅ እሷ ታነሣኛለች። ዋርካው ሥር አልቀመጥም። ላቤንም አልጠርግም። ደረቴን እንደያዝሁ፣ እያለከለክሁ እገባለሁ። ጣልያኑ ጎብጬ ያየኛል።

ይየኝ።