ሳይቀመስ የሚሠራ ቤሻሜል

መጋቢት 12 ቀን 1974፣ እሑድ ጠዋት

አባዬ የፈረንጆቹን ወጥ ሲያስተምረኝ ዛሬም ቅቤው አረረ። ካንቺ ምን እደብቃለሁ ደብተሬ፣ በመስኮቱ ጉሙን ሳይ ሐሳብ ይዞኝ ሄደ። አባዬ ድስቱን ከእጄ ተቀበለኝ። ያረረውን ደፍቶ እንደገና ጀመረ። 

ከፋሲካ በኋላ አንኮበር፣ እህቱ ዘንድ ሊገባ ነው። ሰንብቶ ለመመለስ አይደለም፣ ለመቅረት። ዕድሜውን ድሬዳዋ፣ የባቡር ኩባንያው ፈረንሳዮች ቤት ወጥ ቤት ሆኖ የኖረ ሰው። ሙያውን ከአጎቱ ወረሰ፣ ቢላዋዋንም። ለማን ያውርሳት? እኔ እንደሆንኩ እንዲህ ነኝ። የምትቀረው ልጄ ሒሩት ናት። እሷም እምቢ ካለች ቢላዋዋም ሙያውም አብረውት ይሄዳሉ። 

መጋቢት 16፣ ሐሙስ፣ ከሥራ መልስ

ሒሩት እሺ አለች። ወዲያው ተጣሉ።

ለጋ ቅቤ። ዱቄት (ከቀበሌ ሱቅ፣ ተሰልፌ)። ወተት። ቤሻሜሉ (የፈረንጆቹ ነጭ የወተት መረቅ) የተቀቀለ ድንች ላይ ይፈስና ክዳኑ ላይ ፍም ይደረጋል። አባዬ ግን አይቀምስም። ያኔ በሑዳዴ ለፈረንጆቹ ሲሠራ ጾም እንዳይገድፍ በጆሮና በአፍንጫ ለመደ፣ አጎቱም ያስተማረው እንዲያው ነው። ፍስክም ሲሆን ያው። ራሱማ የፈረንጅ ምግብ አይነካም፣ የሽሮ ሰው ነው። ቅቤና ዱቄቱ ሹክሹክታውን ሲተው ወተቱን ጨምሪ ይላታል። ጨው በሦስት ጣት አንዴ ቆንጥሮ፣ በቃ።

ሒሩት ያልቀመስኩትን ለሰው አላቀርብም አለች። አባዬ ኮቱን ደርቦ ወጣ። እኔ ግን ያ ሹክሹክታ ጆሮዬ ውስጥ ቀርቶ፣ ዝናብ ሩቅ የሚዘንብ እየመሰለኝ አመሸሁ።

መጋቢት 25፣ ቅዳሜ

ታርቀዋል፤ ሒሩት እስከ ፋሲካ ላትቀምስ ተስማማች። ጾም ስለሆነ የምትሠራውን ለጎረቤታችን ለወ/ሮ ዘይነብ ልጆች እንሰጣለን። ባሏ አልዩ አምባ እየወረደ ይነግዳል፣ ደጋግ ሰዎች ናቸው።

ዛሬ ሒሩት ሳህኑን አድርሳ ስትመለስ ወደ ጓዳ ጎተተችኝ። ትንሿ ከድጃ እየበላች ጨው አምጡልኝ ብላለች። ባለፈውም ብላ ነበር አሉ፣ እናቷ በይሉኝታ ቆንጥጣ ዝም አሰኘቻት።

ጉድ እኮ ነው! ዕድሜ ልኬን ስበላው እንዴት አላወቅኩም? ለካ እኔ ሁሌ ሚጥሚጣ እነሰንስበታለሁ።

ለአባዬ እንዳትነግሪ አልኳት። ሽማግሌ በዚህ አይሸኝም። አየችኝና ድስቱን ልታጥብ ሄደች።

ሚያዝያ 10፣ ፋሲካ

ዶሮው ተበላ። ቀጥሎ ድንቹ ቀረበ። ላዩ ቡኒ፣ ሽታው ልጅነቴን፣ ድሬዳዋን፣ የባቡሩን ጩኸት ይዞ መጣ። ሒሩት ግን መጀመሪያ ለአባዬ አቀረበችለት። እንዲቀምስ ለመነችው። ቀመሰ። ቆይቶ ዋጠ። እኔ ጣሪያ ጣሪያውን አያለሁ።

«አባባ፣ ይህ እርስዎ እንዳሳዩኝ ነው። ጨው ያንሰዋል።»

 አባዬ ሹካውን አስቀመጠ። ሐሳቡ የት እንደሄደ እንጃ፣ ዓይኑ ሩቅ ነው።

«ማዳም ሁልጊዜ የጨው ዕቃ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጥ ነበር» አለ። «የፈረንጅ ወግ መስሎኝ።»

ሳቀ። እንባው እስኪወርድ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅኩ፣ ከዚያ ማልቀሴን አላወቅኩም። ተነስቶ ቢላዋዋን ከነጨርቋ አመጣና ሒሩት ጉልበት ላይ አኖረላት። ጨውን በምላስሽ አላት፣ ሌላውን በጆሮሽ።

ሚያዝያ 12፣ ማክሰኞ፣ ከሰዓት

ሸኘነው። ለኔስ ምን ተውክልኝ ብዬ ስቀልድበት፣ አንቺ ብቻ ቅቤ አጠገብ አትቀመጪ አለኝ። እየሳቀ ተሳፈረ።

ሒሩት ክረምት ት/ቤት ሲዘጋ አንኮበር ሄዳ ልትሠራለት ወስናለች። ከወዲሁ ትለማመዳለች። አሁን ወተት ልታመጣ ወጥታ እኔን ድስቱ ጋ ትታኛለች። ሹክሹክታው ሲቆም አውጪው ብላኛለች። እየሰማሁ ነው። አውቶቡሱ ይሄኔ አንኮበር፣ ጎረቤላ ደርሷል። ከጉሙ ውስጥ ሲወርድ ይታየኛል፣ ኮቱን ደርቦ፣ እህቱ እጇን ዘርግታ። ገና ዛሬ ሄዶ ናፈቀኝ። ማታ ማታ ሽሮውን ሲጠብቅ ጣቱን ጠረጴዛው ላይ እንዲህ ቀስ እያደረገ

ምንድነው የሚሸተኝ? ኧረ ቅቤ