ሶስና ያሸነፈችበት ቅዳሜ

ረቡዕ

ዛሬም አንድ ኳስ ሳተችና ቀሪውን ሁሉ አበላሸችው። ሶስና እንዲህ ናት። ክንዷን ከታች አዙራ ስትወረውር፣ ኳስ በዱላ በሚመታበት በሶፍትቦል ቡድኔ የሚደርስባት የለም፤ አንዴ ከተሳሳተች ግን ዓይኗ እንባ ያቀራል፣ ኳሱም የትም ይሄዳል። ገና አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ምን ላድርጋት? ጨዋታ መሐል ስትረበሽ የምታደርገውን አስጠናኋት። ከመወርወሪያው ውረጂ፣ እጅሽን በቀሚስሽ ጥረጊ፣ ተንፍሺ፣ እኔን እዪ። አንገቴን ስነቀንቅልሽ ያለፈው ኳስ አለፈ፤ የሚቀጥለውን ወርውሪ።

"ኦኬ ቲቸር፣ አንቺን ብቻ ነው የማየው" አለችኝ።

ሠራላት። ደስ ብሎኝ ቤቴ ገባሁ።

ዓርብ

የእኛ የስደተኞቹ ሽማግሌ ጋሽ ታደሰ፣ ሳውዝ ሲ ሰፈር ቤታቸው ጠሩን። ከአዲስ አበባ ተደውሎላቸዋል። የሶስና አክስት ለታሰረው ወንድሟ፣ ለሶስና አባት፣ ስንቅ ይዛ እስር ቤት ብትሄድ "ከእንግዲህ አታምጪ" ብለው ልብሱን አስረከቧት። ደርግ እንዲህ ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ማን ያጣዋል? ጌታዬ! አባትየው ሞቷል።

ሶስናና እናቷ አልማዝ እስከ እሑድ እንዳይሰሙ ተወሰነ። መርዶ ጎህ ሲቀድ፣ በሽማግሌ ነው የሚነገረው።

"ልጅቷ የነገውን ጨዋታዋን ትጫወት፣ ትብላ፣ ትተኛ" አሉ ጋሽ ታደሰ። "አንቺም ሙሉ፣ ፊትሽ እንዳያሳብቅ።"

እሺ አልኩ።

ቅዳሜ

ጥሩ ጀምራ ነበር። እናቷ አልማዝ ከሥራ አስፈቅዳ መጥታ ታጨበጭባለች። አራተኛው ዙር ላይ ጋሽ ታደሰና ሁለት ሽማግሌዎች ሙሉ ልብስ ለብሰው መጥተው አጥሩ ጋ ቆሙ። ሶፍትቦል ምን እንደሆነ እንኳ አያውቁም። አንጀታቸው አልችል ብሎ፣ ልጅቷን ሊያዩ ነው የመጡት። ባርኔጣቸውን አውልቀው ያይዋታል። አይ የኛ ነገር!

ሶስና አየቻቸው። የሚቀጥለው ኳስ የመቺዋን ልጅ ትከሻ መታ። ሌላውም ሳተ። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ወደ እኔ ዞረች። ጨዋታውን አስቁሜ ሄድኩ።

"ጋሽ ታደሰ ለምን መጡ?"

"ሊያዩሽ ነዋ።"

"አባቴ አንድ ነገር ሆነ?"

"አባትሽ ደህና ነው። አንቺ ኳሱን ወርውሪ" አልኩና አንገቴን ነቀነቅሁላት።

አመነችኝ። ሦስት መቺዎች አከታትላ አስወጣች፤ አሸነፍን። አልማዝ እልልታውን አቀለጠችው። እኔ ቡድኑ ከመጣበት አውቶቡስ ኋላ ተደብቄ አለቀስኩ።

እሑድ

ሲነጋጋ ሄድን። አልማዝ በሩን ከፍታ ያን ሁሉ ሰው ስታይ፣ ማንም ሳይናገር ጮኸች። ደረቷን እንዳትመታ እጇን ያዝን። ሶስና አላለቀሰችም። ቀጥ ብላ ወደ እኔ መጣች።

"ትናንት ታውቂ ነበር።"

"አዎ።"

"እኔ እኮ ማታ ሌተር ስጽፍለት ነበር። አሸነፍኩ ብዬ።"

ከዚያ ወዲያ አላናገረችኝም።

ማክሰኞ

ሰልስት ነው። ቤቱ በለቀስተኛ ተሞልቷል፤ የኢስሊ ሰፈር ነጋዴዎች ሳይቀሩ ሱቃቸውን ዘግተው መጥተዋል። ሶስና እንባ ጠብ አላላትም። እናቷ ሙሾዋን ስታወርድ እሷ ተቀምጣ ታያለች። ተንፍሺ፣ ያለፈው አለፈ፣ የሚለው ነገር አፌ ላይ መጣ። በራሴ አፈርኩ፤ ዋጥኩት።

ከሰዓት በኋላ ጓሮ፣ ልብስ ማስጫው ሥር ብቻዋን አገኘኋት። ጠጋ ብዬ ተቀመጥኩ። አንገቷን እንደደፋች ጠየቀችኝ።

"የት ቀበሩት?"

አክስትሽ ታውቃለች ብዬ ዳግም ልዋሻት ነበር። ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር።

"አናውቅም ሶስና። አስከሬኑን አልሰጡንም። የት እንዳደረጉትም አልነገሩንም።"

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ አባባ፣ አባባ እያለች ጮኻ አለቀሰች። ላቅፋት እጄን ስዘረጋ ገፋችኝ። ሂጂልኝ ግን አላለችኝም። እስኪመሽ ድረስ እዚያው ተቀመጥኩ።